ተግባር ተኮር ምዘና በሕግ ትምህርት ቤት፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የሕግ ተማሪን ክስ አስጽፎ ወይም በምስለ ችሎት (እንደ እውነተኛ ችሎት በሚካሄድ የክርክር ልምምድ) አከራክሮ መመዘን በአገራችን የሕግ ትምህርት ቤቶች እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን በአፈጻጸም ጉድለት ምክንያት ምዘናው ብዙ ጊዜ ከሽምደዳ ፈተና እምብዛም ሳይለይ ይቀራል።

ዋነኛው ስህተት ተጣርቶ ያለቀ ታሪክ መስጠት ነው። «አቶ ሀ ቤታቸውን ለአቶ ለ ሸጡ፤ ውሉ ግን ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት አልተደረገም» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል እንዲህ ባለ አካል ፊት እንዲደረግ የሚያዘውን የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1723 ጠቅሶ ይገላገላል፤ ጥያቄው መልሱን ነግሮታልና። ባለጉዳይ ግን እንዲህ አያወራም። በእጅ የተጻፈ ውል፣ የባንክ ደረሰኝና ስለ ጎረቤት ጠብ የሚያትት ረጅም አቤቱታ በአንድ ፋይል ቢሰጠው፣ ተማሪው ለክሱ የሚረባውን ከማይረባው መለየት፣ ውሉ ባይጸና እንኳ የተከፈለው ገንዘብ እንዲመለስ በአማራጭ ይጠየቅ እንደሆነ መወሰን ይኖርበታል።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ብቻ ማመልከቻውንም በእንግሊዝኛ ማስጻፍ ሌላው ስህተት ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በአማርኛ፣ የክልሎቹም በየክልላቸው የሥራ ቋንቋ ይሠራሉ። የክስ ምክንያትን፣ የሚጠየቀውን ዳኝነትና የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያን (ተከሳሽ ወደ ክሱ ፍሬ ነገር ከመገባቱ በፊት የሚያነሣውን ተቃውሞ) በችሎት ቋንቋ አስፍሮ የማያውቅ ተመራቂ፣ ከፍተኛ ውጤት ይዞም ቢሆን ፍርድ ቤት ደጃፍ ከተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ያነሰ ማመልከቻ ሊያቀርብ ይችላል።

በምስለ ችሎት ደግሞ ነጥቡ ለአንደበተ ርቱዕነት ያደላል። የሚሻለው፣ ዳኛው አቋርጦ ሲጠይቅ ተማሪው ከመዝገቡ ማስረጃ ጠቅሶ መመለሱን መመዘን ነው። መስፈርቱም አስቀድሞ ሊነገር ይገባል፤ ለክስ ማመልከቻ ከሆነ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 222 ማመልከቻው ምን መያዝ እንዳለበት ስለሚዘረዝር መምህሩ ከባዶ አይነሣም።

ረቂቁን አርሞ ውጤት መስጠትና እዚያው መዝጋትም ጥቅሙን ያሳንሳል። ጠበቃ ማመልከቻውን ደጋግሞ ያርማል፤ ተማሪውም አስተያየቱን ተቀብሎ ሲያሻሽል፣ ከመጨረሻው ነጥብ የተወሰነው ለማሻሻያው ሊያዝለት ይገባል።

በመጨረሻም፣ ከነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል እውነተኛ ጉዳይ ተወስዶ ምዘና ሲዘጋጅ ስምና አድራሻ መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ በትንሽ ከተማ የጉዳዩ ዓይነትና ቀበሌው ባለጉዳዩን ሊያሳውቁ ስለሚችሉ ቀኑ፣ ቦታውና የገንዘቡ መጠንም መለወጥ አለባቸው።