ጊታሩ ሲጉረመረም፦ በቤት ስቱዲዮ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ጃኩ ገብቷል ወይ፣ ቮልዩሙ ተከፍቷል ወይ የሚለውን አልጽፍም። ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ በየቤቱ እየተጠራሁ ሳስተካክል የኖርኩትን ብቻ ላስቀምጥ። ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

ድምፁ ደብዝዟል፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ጠፍቷል፦ ጊታሩን የሰካችሁት በሳውንድ ካርዱ (ጊታሩን ከኮምፒውተሩ በሚያገናኘው ሳጥን) የላይን መግቢያ፣ ለጠንካራ ምልክት በተሠራው ነው። ይህ መግቢያ ከፒክአፑ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው ጥቅል ሽቦ፣ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ይጫነዋል። ካርዱ ላይ የጊታር ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ተጫኑ፤ አለቀ።

ክሩ ከተመታ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፦ ባፈሩ፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሳለፉ በፊት የሚያጠራቅመው መጠን፣ ትልቅ ነው። በሰከንድ በ44,100 ናሙና ሲቀዳ የ1,024 ናሙና ባፈር ብቻውን 23 ሚሊሰከንድ ያዘገያል፤ 128 ግን 3 እንኳ አይሞላም። ስትቀዱ 128፣ ስትሚክሱ 1,024 አድርጉት። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ በቅድሚያ የካርዱን አሲዮ (ASIO) ድራይቨር፣ ድምፅን ብዙ ሳያዘገይ የሚያሳልፈውን ፕሮግራም፣ ጫኑ።

ጊታሩ አብሮት ካለው የክራር ቅጂ ይልቅ ድምፁ ቀጥኖና ፈጥኖ ይሰማል፦ በ44,100 የተቀዳው በ48,000 ተከፍቷል። ቅንብሩን አስማሙ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ማንም አይጫወትም፣ ስፒከሩ ግን ያለማቋረጥ ይጉረመረማል። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው ኢፌክት) ሲከፈት ቤቱን ይሞላዋል። ከሚጠሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚጠሩኝ ለዚህ ነው፤ ሁሉም «ጋሼ፣ ጊታሩ ተበላሽቷል» ብለው ይጀምራሉ።

የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ብቻ አጫውቱ። ጉርምርምታው ጸጥ ካለ ጊታሩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ከግድግዳው ሶኬት በኩል ነው። ካልጠፋ ጊታሩን ይዛችሁ በቦታችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ስትዞሩ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፑ ከአጠገቡ ያለውን ትራንስፎርመር ወይም ዲመር (የመብራት ማደብዘዣ) እየሰማ ነው፤ ራቁ፣ ወይም ሃምበከር፣ ባለ ሁለት ጥቅሉን ፒክአፕ፣ አስገጥሙ።

ብዙውን ጊዜ ግን በባትሪ ሲሆን ይጠፋል። ቻርጀሩ መልሶ ሲሰካ የእጃችሁን ጀርባ በላፕቶፑ ብረት ላይ በቀስታ አሳልፉ። ጉንዳን የሚሄድበት ያህል ከነዘራችሁ የመሬት መስመሩ የለም ማለት ነው። ቻርጀሩ ውስጥ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያሾልካሉ፤ ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦ ሲያጣ በሳውንድ ካርዱ በኩል እስከ ጊታሩ ክር ይደርሳል።

«በፊልተር አጠፋዋለሁ» የሚሉ አሉ። የመብራታችን ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ነው፤ ወፍራሙ የጊታር ክር ደግሞ 82 ነው። 50ውን ቆርጣችሁ መጣል ትችላላችሁ። ግን ብዜቶቹ 100ውና 150ውም አብረውት አሉ፤ አምስተኛው ክር 110፣ አራተኛው 147 ላይ ናቸው። እነሱን ስትቆርጡ ጊታሩን ራሱን ትቆርጣላችሁ። ደካማውን ድምፅ ከጠንካራው የሚያቀራርበው ኮምፕሬሰር ሲጨመርበት በትዝታው ዝምታ መካከል ያ ጉርምርምታ ተመልሶ ብቅ ይላል።

ፍኖተ ሰላም ላይ አንዱ ፒክአፕ ቀየረ፣ ኬብል ቀየረ፣ ድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም ገዛ። ሄጄ ዲቫይደሩን ፈታሁት። ከላይ የመሬት መያዣው ብረት በየቀዳዳው ግራና ቀኝ ያብረቀርቃል፤ ከውስጥ የገቡት ሽቦዎች ሁለት ብቻ ናቸው። የመሬቱ ብረት ከምንም ጋር አልተገናኘም፣ ለመልክ የተቀመጠ ነው። ይህን ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚባል አላውቅም። ዲቫይደር ስትገዙ ገመዱ ሲቆረጥ ሦስት ሽቦ ይታይ፤ ሻጩ «አንድ ነው» ካላችሁ ጥላችሁ ውጡ።

ቡሬ ላይ ደግሞ ዲቫይደሩም ሶኬቱም ደህና ነበሩ። አጥር ሲታደስ የመሬት መስመሩን ግቢው ውስጥ ከተቀበረው የብረት ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ በዶማ ተበጥሶ አፈር ተመልሶበት ኖሯል። በቴስተር ለኩ፦ ከፌዝ (ኤሌክትሪኩን ከሚያመጣው ሽቦ) ወደ መሬት 220 አካባቢ፣ ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ወደ መሬት ጥቂት ቮልት ብቻ መሆን አለበት። ከፌዝ ወደ መሬት ያለው ንባብ ከዋለለ ወይም በጣም ካነሰ መስመሩ ተቆርጧል። በቴስተር መለካት የማይችል ሰው ሶኬት አይፍታ።

መፍትሄው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቶ የመሬት መስመሩን ማስጠገን፣ ላፕቶፑን፣ ስፒከሩንና አምፑን ሁሉ ከአንድ ትክክለኛ ሶኬት ማብላት ነው። ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከመሬቱ ጋር አታያይዙ! ጉርምርምታው ይጠፋል፤ ኒውትራሉ በተበጠሰ ቀን ግን 220 ቮልት ክራችሁ ላይ ይቆማል። የስፒናውን የመሬት እግር በፒንሳ አትቁረጡ። ከውሃ ቧንቧ ጋርም አትሰሩ፤ ቧንቧው ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ጊታር ይዞ የሚዘፍን ሰው ከንፈሩን ማይኩ ሲነዝረው ስቆ ያልፋል፤ አይሳቅበት፤ ይህ ነገር ሰው ይገድላል። ወዲያው ከዋናው ማጥፊያ አጥፉ።

ጊታሩና ክራሩ ከተደበላለቁ ከጊታሩ ላይ 250 እስከ 400 ኸርዝ ያለውን በ3 ዴሲቤል ቀንሱ፣ አንዱን ወደ ግራ ሌላውን ወደ ቀኝ ግፉ።

ሐምሌ ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በማይክ የተቀዳ ጊታርን ከዝናቡ የሚለይ ፕሮግራም አትፈልጉ። ጊታሩን በኬብል በቀጥታ ቅዱ፤ አኮስቲክ ከሆነ ደግሞ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቁ።