ሊኑክስ ጫንኩ፣ ዋይፋይ የለም፦ ላፕቶፑና ዲስትሮው ሳይስማሙ ሲቀሩ

ብዙ ሰው ዲስትሮ (እንደ ኡቡንቱና ሚንት ያለ የሊኑክስ ዓይነት) የሚመርጠው ጓደኛው የሚጠቀመውን አይቶ ነው። ላፕቶፑ ግን የጓደኛው አይደለም። የዋይፋይ ካርዱም፣ ራሙም፣ ዲስኩም ሌላ ነው። እጄ ላይ ከሚደርሱት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ ይነሳሉ። አይኤስኦ (የመጫኛውን ፋይል) አውርዶ ፍላሽ ላይ መጻፍና ከፍላሽ ማስነሳት ታውቃላችሁ ብዬ ልቀጥል።

ምልክት፦ ተጭኖ አለቀ፣ የዋይፋይ ዝርዝር ግን ባዶ ነው

ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ካርዱ ሲታይ ሁሌም ማለት ይቻላል ብሮድኮም ነው። ዕድሜ ጠገብ ኤችፒና ዴል ላፕቶፖች ላይ በብዛት አለ። ለምሳሌ ቢሲኤም 43142 የሚባለው ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ውስጥ ባሉት ነፃ ድራይቨሮች (ካርዱን የሚያሠሩ ፕሮግራሞች) አይሠራም። የብሮድኮምን የራሱን ዝግ ድራይቨር ይፈልጋል። ያ ድራይቨር ደግሞ በብዙ ዲስትሮዎች ላይ ወዲያው አይጫንም።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። በአንድ ሳምንት ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ በመጨረሻም ካሊ ጭኖበታል። ሦስቱም ላይ ዋይፋይ የለም። የሆነ ቦታ «ካርዱ ተቃጥሏል» ብለውታል። አምኖ የዩኤስቢ ዋይፋይ ገዛ። እሱም ስም የለሽ ርካሽ ዕቃ ስለነበር ሲሰካ የዊንዶውስ ድራይቨር የያዘ ሲዲ ሆኖ ብቻ ታየ። ካርዱ ግን ደህና ነበር። የፈጀብን ሩብ ሰዓት ነው። ልጁ ገንዘቡንም ሳምንቱንም ማጣቱ እስካሁን ያናድደኛል።

መፍትሄው ይኸውላችሁ። አንድሮይድ ስልካችሁን በገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ አይሆንም፤ ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን። ስልኩ ላይ ሆትስፖት ካለበት ገጽ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን አብሩ። ላፕቶፑ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል። ፓኬጅ ከሌላችሁ ስልኩን ከጎረቤት ዋይፋይ ጋር አገናኙት፤ ብዙ ስልኮች እሱንም ያሳልፋሉ። ከዚያ ሚንት ላይ «ድራይቨር ማናጀር»፣ ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» ክፈቱ። የብሮድኮሙን ምረጡና ጫኑ። ሚንት ላይ ኢንተርኔት ባይኖርም የጫናችሁበትን ፍላሽ መልሳችሁ ብትሰኩ ድራይቨሩ እዚያው ውስጥ አለ። ብሮድኮም ላለው ሰው ሚንትን የምመክረው ለዚህ ነው።

አሁን ሁሉም የሚሳሳትበት ቦታ መጣ። ሴኪዩር ቡት (ላፕቶፑ ሲነሳ ያልተፈረመ ሶፍትዌር የሚከለክል ጥበቃ) በርቶ ከሆነ፣ ድራይቨሩ ሲጫን አዲስ ፓስዎርድ አውጡ ይላችኋል። ወረቀት ላይ ጻፉት። ሪስታርት ሲሆን ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። 10 ሴኮንድ ብቻ ይጠብቃል። ሰው ቡና ሊያመጣ ይሄዳል፣ ገጹ ያልፋል፣ ድራይቨሩ ሳይነሳ ይቀራል። ወይም ደንግጦ «ኮንቲኒው ቡት»ን ይጫናል። አትነሱ! ማንኛውንም ቁልፍ ተጫኑ፣ «ኢንሮል ሞክ»፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ»፣ ከዚያ ያን ፓስዎርድ። ዋይፋዩ ይመጣል።

«ሴኪዩር ቡትን ባጠፋውስ?» ይሠራል። ግን ከጎኑ ዊንዶውስ ካለና ዲስኩ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከተቆለፈ፣ የመክፈቻ ቁልፉን ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ሳታገኙ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተውን የላፕቶፑን ማስተካከያ) እንዳትነኩ። ቁልፉን ያላስቀመጠ ሰው ፎቶውንም ፋይሉንም ሲያጣ አይቻለሁ።

ካሊ ላይ ያላችሁ፣ ዲስትሮ ቀይሩ። የተሠራው ለሴኪዩሪቲ ሙከራ ነው፤ ለክፍል ሥራና ለፊልም አይደለም። ከርነሉ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር የብሮድኮም ድራይቨር ከሱ ጋር የሚገጥም ኸደር (ድራይቨሩን ለመገንባት የሚያስፈልግ የከርነል ፋይል) ያጣና ይሰበራል። ዛሬ አስተካክላችሁት የዛሬ ወር ትመለሳላችሁ።

ገና ያልጫናችሁ ደግሞ፣ ዊንዶውስ ላይ እያላችሁ «ዲቫይስ ማናጀር» ገብታችሁ የካርዱን ስም እዩ። ኢንቴል ከሆነ ብዙም አትጨነቁ። ከዚያ ሳትጭኑ ከፍላሹ ላይ ሞክሩት። ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ክዳኑን ዘግቶ መክፈት። ክዳኑ ሲከፈት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ሲጫንም ብዙ ጊዜ ያው ነው።

ምልክት፦ ይንቀራፈፋል፣ ስታክ ያደርጋል

4 ጊጋ ራም ላይ ጂኖም (ከበድ ያለ ዴስክቶፕ) ያለውን ኡቡንቱ ጭናችሁ ክሮም ስትከፍቱ ይጨናነቃል። ኤክስኤፍሲኢ (ቀለል ያለ ዴስክቶፕ) ያለውን ሚንት ወይም ዙቡንቱ ውሰዱ። ዲስኩ የድሮው ተሽከርካሪ ከሆነ ግን ዲስትሮ መቀያየር ድካም ነው። ኤስኤስዲ ግዙ።

ምልክት፦ መሃል ላይ ጭነቱ ይቆማል

ብዙ ጊዜ ፍላሹ ነው። ላዩ ላይ 64 ጊጋ የተጻፈበት፣ ውስጡ 8 እንኳ የማይሞላ ፍላሽ ገበያው ላይ ሞልቷል። በሌላ ፍላሽ ሞክሩ፤ ያወረዳችሁትንም ፋይል ቼክሰም (ፋይሉ ሙሉ መሆኑን የሚያሳይ ኮድ) ዲስትሮው ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ።

ምልክት፦ ጫኙ ዲስኩን አያየውም

አዲስ ኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ቪኤምዲ ወይም አርኤስቲ (የኢንቴል የዲስክ አያያዝ) በርቶ ነው። ባዮስ ላይ ይጠፋል። ዊንዶውሱን ሳታዘጋጁ ካጠፋችሁት ግን ዊንዶውሱ አይነሳም።

ምልክት፦ የአማርኛ ጽሑፌ የተበታተነ የላቲን ፊደል ሆነ

በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች፣ ከዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም መሣሪያ ከሚረዳው የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ነው። ሊኑክሱ አላበላሸውም። የፎንቱን ፋይል ከዊንዶውሱ ኮፒ አድርጋችሁ ብትጭኑት ለማንበብ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ለአዲስ ጽሑፍ አይባስ (የሊኑክስ የኪቦርድ መምረጫ) ላይ የኤም 17 ኤንን (የብዙ ቋንቋ መጻፊያ) አማርኛ ጨምሩ፤ «ሰላም»ን በላቲን ቁልፍ ድምፁን እየተከተላችሁ ትጽፋላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍና የውል ሰነድ ካላችሁ ግን ዊንዶውሱ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩ፣ አንድ የፒዲኤፍ ቅጂም አስቀሩ። ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይሁን።