ወበቁ አላሠራም ሲል፦ ለጡረተኛ የቤት ጥገና ችግሮች መፍትሄ

ጡረታ ወጡ። ለዓመታት ሲያዘገዩት የኖሩትን የቤት ጥገና ሊጨርሱ ተነሱ። ወበቁ ግን አላሠራም አለ። ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም፤ አብዛኛው ችግር የሰዓት ምርጫ ነው።

ቀለሙ ከተቀባ ሁለት ቀን ሆኖት አሁንም እጅ ላይ ይጣበቃል

የውሃ ቀለም የሚደርቀው በውስጡ ያለው ውሃ ሲተን ነው። አየሩ ራሱ በእርጥበት ከጠገበ ውሃው መሄጃ ያጣል። አንጻራዊ እርጥበቱ፣ ማለትም አየሩ ሊይዘው ከሚችለው እርጥበት ምን ያህሉን እንደያዘ፣ ከ85 በመቶ በላይ በሆነ ቀን ብሩሹን አያንሱ። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝተው ክፍሉ ውስጥ ቢሰቅሉ ከግምት ይገላግልዎታል።

ብዙ ሰው ቀዝቀዝ ስለሚል በማለዳ መቀባት ይመርጣል። ችግሩ አንጻራዊ እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ እጅግ የሚጨምረው ጎህ ሲቀድ መሆኑ ነው። የውጭ ግድግዳ ላይ ደግሞ ጤዛ አለ። ረፋድ ላይ፣ ጤዛው ሲለቅ ይጀምሩ። አመሻሽ ላይ አየሩ ዳግም ሳይረጥብ ያቁሙ። ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ሁለተኛውን ቅብ ለመደረብ ጣሳው ላይ ከተጻፈው ሰዓት በላይ ይታገሱ።

ቀለሙ ካበጠና ከተላጠስ? ግድግዳው ራሱ ውሃ ይዞ ሊሆን ይችላል። አንድ ቁራጭ ላስቲክ አራቱንም ጎን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ይለጥፉና ያሳድሩት። ጠዋት ከላስቲኩ ሥር ጠብታ ካዩ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የሚያፈሰው ቧንቧ ወይም ጣሪያ ይጠገን፤ ቀለሙ ይደርሳል።

በሩ አልዘጋም አለ

እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በወርዱ ያብጣል፤ በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም። መላጊያ ለማንሳት አይቸኩሉ። ዛሬ የላጉት በር ወቅቱ ሲደርቅ ይኮማተርና ክፍተት ያመጣል። መጀመሪያ የማጠፊያውን ብሎኖች ያጥብቁ። አሁንም ከያዘ የበሩን ጠርዝ ጠመኔ ቀብተው ይዝጉት፤ ጠመኔው መቃኑን የነካበት ቦታ ይታያል። እዚያ ላይ ብቻ ሻማ ይሹበት። ደረቁ ወቅት ሲመጣ የበሩን የላይና የታች ጠርዝ ቫርኒሽ ይቀቡ። አናጺዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ያንን ነው፤ ውሃውም የሚገባው በዚያው ነው።

መሣሪያው ዛገ

በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ስስ ዘይት ይቀቡ፣ ክዳን ያለው ሣጥን ውስጥ ያኑሩ። በቃ።

ትንሽ ሠርተው ጭንቅላትዎ ይዞራል

ከሁሉም በላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው፤ በወበቅ ግን ቆዳ ላይ ይቀራል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የጥም ስሜት ይደክማል፤ ሰውነት ውሃ አጥቶም ላይጠማዎት ይችላል። ሽንት የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የበለጠ ይጠንቀቁ።

ጉልበት የሚጠይቀውን ሥራ ለቀለም በማይመቸው በዚያ ማለዳ ይጨርሱት። ሳይጠማዎ ይጠጡ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ መጠኑን ሐኪምዎን ይጠይቁ። መሰላል ላይ ሲወጡ ቤት ውስጥ ሰው ይኑር። ማዞር፣ ራስ ምታት ወይም የጡንቻ መኮማተር ከተሰማዎ ወዲያው ያቁሙና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጡ። የሚሠራ ሰው ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከራሱ ከሳተ ግን አይጠበቅም፤ አምቡላንስ ይጠራ፣ እስኪደርስም ሰውነቱን በውሃ እያራሱ ያቀዝቅዙት።

ከሰዓት በኋላው አልገፋ አለ

ቀኑ የሚረዝመው ሁሉም ዕቅድ አንድ ትልቅ ሥራ ላይ ሲንጠለጠል ነው። ወበቁ ያንን ሲከለክል እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ይመጣል። ሁለት ዝርዝር ይያዙ፤ አንዱ ለደረቅ ቀን፣ ሌላው ለወበቅ። በሁለተኛው ተቀምጠው የሚሠሩት ይግባ፦ መጋዝ መሳል፣ ብሎንና ምስማር በየዓይነቱ መለየት፣ የላላ የወንበር እግር ማጥበቅ፣ የቤተሰብ ፎቶ ማደራጀት። ፎቶዎቹን በደረቀው ክፍል ይዘርጓቸው። እርስ በርስ የተጣበቁ ካገኙ በጉልበት አይላጧቸው፤ ለብቻ አስቀምጠው ወደ ሌላው ይለፉ።