አንዱ ሲታመም ቤቱ በሙሉ እንዳይታመም፦ ቤተሰብን ከተላላፊ በሽታ እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ሌሊት ሰባት ሰዓት ነው። ትንሹን ልጅ አስመለሰው። እናቱ ከእንቅልፏ ብድግ ብላ አንሶላውን በባዶ እጇ ሰብስባ ትወስዳለች። አባቱ እጁ በገባው ፎጣ የልጁን አፍ ይጠርግና ፎጣውን መልሶ መታጠቢያ ቤት ይሰቅለዋል። ሲነጋ ታላቅ እህቱ ፊቷን ታጥባ በዚያው ፎጣ ታደርቃለች። በማግስቱ እሷንም ያስመልሳታል። ከዚያ እናትየዋን።

ብዙ ቤት ውስጥ በሽታ የሚዞረው እንዲህ ነው። ሰዎቹ ግድ ሳይሰጣቸው ቀርቶ አይደለም። ደንግጦ፣ እንቅልፍ ዓይኑ ላይ እያለ አዲስ ነገር ማሰብ የሚችል ሰው ስለሌለ ነው። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ሲባል ሁላችንም እየሰማን አድገናል። በዚያች ሌሊት ጥንቃቄው ምን ምን ማድረግ እንደሆነ ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳን ጥቂት ነው። እስቲ በቅደም ተከተል እንየው።

1. በሽታው በየት እንደሚመጣ እወቁ

ጀርም በራሱ የትም አይሄድም። የሚያጓጉዘው እጅ፣ ውሃ፣ ትንፋሽ፣ ዝንብ፣ ትንኝ ወይም ደም ነው። ስለዚህ የአንድ በሽታ ስም ስትሰሙ ሁለት ነገር ጠይቁ። ከታመመው ሰው በየት ይወጣል? ወደ ጤነኛው በየት ይገባል?

ኮሌራና ታይፎይድ በዓይነ ምድር ወጥተው በአፍ ይገባሉ። እዚህ ላይ ወሳኙ ውሃ፣ ምግብ፣ መጸዳጃ ቤትና እጅ ነው። ኩፍኝና ቲቢ ግን በአየር ይሄዳሉ። ወለሉን ስትወለውሉ ብትውሉም መስኮቱ ከተዘጋ ብዙ አልፈየዳችሁም። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ በአብዛኛው የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ስለዚህ ወባ ባለበት አካባቢ አጎበር ውስጥ መተኛት ግድ ነው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ደግሞ በደም ይተላለፋል። ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ስለሚችል ምላጭና የጥርስ ብሩሽ መዋዋስ አይገባም፣ በቤተሰብ መካከልም ቢሆን።

እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲገባ ብዙዎች በሽታው ከመጥፎ ሽታ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ግን የሞቱት ሰዎች ውሃ ከየት ይቀዱ እንደነበር ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ። ብዙዎቹ የሚቀዱት ብሮድ ስትሪት ከሚባል መንገድ ላይ ካለ አንድ ፓምፕ ነበር። የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል አደረገ። ኮሌራን የሚያመጣው ጀርም ምን እንደሆነ ያኔ አያውቅም። የሚመጣበትን መንገድ ማወቁ በቃው።

2. እጅ መታጠብን እንደ አዲስ ተማሩ

ይህን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። ሁላችንም እጅ መታጠብ የምናውቅ ይመስለናል። አንድ ሰው ሲታጠብ ግን ልብ ብላችሁ እዩት። እጁን ውሃ ያስነካል፣ ሳሙናውን አንዴ ያገላብጣል፣ መዳፉን ከመዳፉ ያፋትግና ይለቀለቃል። አምስት ሰከንድም አይሞላ። አውራ ጣቱን ሳሙና አልነካውም። የጥፍሩ ሥርም እንደነበረ ነው። ዓይናችንን የምናሸው፣ አፍንጫችንን የምንነካው፣ ልጅ የምንመግበው ደግሞ በዚያው በጣታችን ጫፍ ነው።

እንዲህ ታጠቡ። እጃችሁን አርጥባችሁ ሳሙና ቀቡ። መዳፍ ከመዳፍ እሹ፣ ቀጥሎ የእጃችሁን ጀርባ፣ ቀጥሎ በጣቶች መሃል። አውራ ጣታችሁን በሌላኛው እጅ ጨብጣችሁ አሽከርክሩት። በመጨረሻ የጣቶቻችሁን ጫፍ ሰብስባችሁ መዳፋችሁ ላይ እሹ፤ ጥፍር ሥር የተደበቀው የሚወጣው ያኔ ነው። ማሸቱ ብቻ 20 ሰከንድ ይውሰድ። ከዚያ በሚፈስ ውሃ ተለቅለቁ። ቧንቧ ከሌለ አንድ ሰው በጆግ ያፍስስላችሁ። አንድ ሳፋ ውሃ ውስጥ ተራ በተራ እጅ መንከር ግን የመጀመሪያውን ሰው ጀርም ለመጨረሻው ማቀበል ነው።

ሳሙናው ዝም ብሎ ለሽታ አይደለም። የኢንፍሉዌንዛና የኮሮና ቫይረሶች በስብ የተሸፈኑ ናቸው። ሳሙና ያንን ስብ ሲበትነው ቫይረሱ ይፈርሳል። ሌሎቹን ጀርሞች ደግሞ ከቆዳ ላይ አላቅቆ ከውሃው ጋር ይወስዳቸዋል። ሳኒታይዘር ከተጠቀማችሁ አልኮሉ ቢያንስ 60 በመቶ ይሁን። የቆሸሸ እጅ ላይ ግን አይሠራም። ማስመለስና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ ላይም አቅሙ ደካማ ነው፤ እዚያ ላይ ሳሙናና ውሃን የሚተካ የለም።

መቼ? ከመጸዳጃ ቤት ስትወጡ፣ ሕፃን ካጸዳችሁ በኋላ፣ ምግብ ከመሥራታችሁና ከመብላታችሁ በፊት፣ ልጅ ከመመገባችሁ በፊት፣ ታማሚ ከነካችሁ በኋላ። የሕፃን ዓይነ ምድር ምንም አያደርግም የሚል አስተሳሰብ አለ። ስህተት ነው። እንደ አዋቂው ሁሉ በሽታ ያስተላልፋል፤ መጣልም ያለበት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው።

ፎጣ ለየራስ ይሁን። በቀለም ብትለዩት ልጆችም አይስቱትም።

3. ውሃና ምግብ

የምትጠጡት ውሃ የሚያጠራጥር ከሆነ አፍሉት። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ። የፈላ ውሃ ተመልሶ የሚበከለው ማስቀመጫው ላይ ነው። አፈ ጠባብና ክዳን ያለው ዕቃ ምረጡ፤ በኩባያ ከመጥለቅም እያዘነበላችሁ ቅዱ።

ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበትን ቢላና መክተፊያ ሳታጥቡ ለሌላ ነገር አትጠቀሙ። የበሰለ ምግብ ማቀዝቀዣ ሳይገባ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ስታሞቁት ለብ ማለቱ አይበቃም፤ መሃሉ ድረስ በደንብ ይጋል።

4. የክትባት ካርዱን አውጥታችሁ እዩ

ኩፍኝን ልብ በሉ። የታመመው ሰው ክፍሉን ለቅቆ ከወጣ በኋላ እንኳን ቫይረሱ አየር ላይ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮም ይተላለፋል። ማለትም ልጁ ኩፍኝ እንደያዘው ከማወቃችሁ በፊት ለሌሎች አስተላልፎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን በሽታ በእጅ መታጠብ ብቻ ማቆም አይቻልም። የሚያቆመው ክትባት ነው፣ ያውም ሁለቱም ዙር ሲሟላ። ፈንጣጣ ከምድር ላይ የጠፋው በክትባት ነው፤ መጥፋቱም እ.ኤ.አ. በ1980 ታውጇል። የአንድ ልጅ ዙር ካመለጠው አፍራችሁ ቤት አትቅሩ፤ ወስዳችሁ አስቀጥሉ። ነፍሰ ጡሮችና አዋቂዎችም የሚወስዱት ክትባት ስላለ ስለራሳችሁም ጠይቁ።

5. ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም

ዋናው ሥራ እዚህ ነው።

ከቻላችሁ ለታማሚው የብቻው ክፍል ስጡት። ካልተቻለ አልጋውን መስኮት አጠገብ አድርጉና መስኮቱን ክፈቱት። ብርድ ከተሰማው ብርድ ልብስ ጨምሩለት እንጂ መስኮቱን አትዝጉ። ብዙ ሰው «ብርድ ይመታዋል» እያለ ታማሚ ያለበትን ክፍል ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። የሳልና የጉንፋን ጀርም የሚከማቸው እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ነው።

አስታማሚው አንድ ሰው ይሁን። ጤንነቱ የተሟላ ሰው ምረጡ፤ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ባይሆን ይመረጣል። ሕመሙ ሳል ካለው ታማሚውም አስታማሚውም አንድ ክፍል ሲሆኑ ማስክ ያድርጉ። ኩባያ፣ ማንኪያና ሳህን ይለይለት።

ልጅ ከሆነ የታመመው፣ ብቻውን መተኛቱ ቅጣት እንዳይመስለው ንገሩት። እህት ወንድሞቹ በር ላይ ቆመው ያጫውቱት። አዋቂም ቢሆን ቅር ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ በግልጽ አስረዱት።

አሁን ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። ልጁ አስመልሷል። መጀመሪያ ሌሎቹን ልጆች ከክፍሉ አስወጡ። ጓንት አድርጉ፤ ከሌለ እጃችሁን ፌስታል ውስጥ ክተቱ። የወጣውን በሶፍት ወይም በአሮጌ ጨርቅ ከዳር ወደ መሃል ሰብስባችሁ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ቋጥሩት። አንሶላውን አታራግፉት፤ ስታራግፉት ጀርሙ አየር ላይ ይበተናል። ወደ ውስጥ ጠቅልላችሁ፣ ከሰውነታችሁ አርቃችሁ ያዙትና ለብቻው በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት።

ቦታውን በሳሙና ካጠባችሁ በኋላ በረኪና ተጠቀሙ። ቅደም ተከተሉ ይህ የሆነው ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና አቅሙን ስለሚያጣ ነው። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ፣ ያስመለሰበትን ወይም ተቅማጥ የነካውን ቦታ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ አቅጥናችሁ አርጥቡት። ለበር እጀታ፣ ለመብራት ማብሪያና ለጠረጴዛ 1 እጅ በ49 እጅ ውሃ ይበቃል። 10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ጥረጉት። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ ያደረው ይደክማል። በረኪናን ከአሲድ፣ ከአሞኒያ ወይም ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። በመጨረሻ ጓንቱን አውልቃችሁ እጃችሁን ታጠቡ።

ማስመለሱና ተቅማጡ ካቆመ በኋላ 48 ሰዓት እስኪሞላ ታማሚው ትምህርት ቤት ወይም ሥራ አይሂድ፤ ለሌሎችም ምግብ አይሥራ። ደህና ሆነ ቢባልም ጀርሙ ገና ይወጣል።

6. የወጣውን ፈሳሽ ተኩ

በተቅማጥ ልጅ የሚሞተው በአብዛኛው ሰውነቱ ውስጥ ያለው ውሃ ስለሚያልቅ ነው። ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ካላችሁ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጡ። ከሌለ 1 ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ማንኪያው ልሙጥ እንጂ የተከመረ አይሁን። ጨው ሲበዛ ልጅ ይጎዳል፣ ስለዚህ በግምት አትሥሩት። ከጠጣው በኋላ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት አይቋረጥ። ዚንክም ለልጆች ተቅማጥ ስለሚታዘዝ ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

7. ቤት የማይያዙ ምልክቶች

ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ ወይም አልነቃ ካለ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ውሰዱት። ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ እንደዚሁ። አተነፋፈሱ ካሳሰባችሁ ልጁ ረጋ ሲል ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ ደረቱን እያያችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ ስርጉድ ካለ ጊዜ አትስጡ።

ወባ ባለበት አካባቢ ትኩሳት ከጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳልም የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። የተረፈ አንቲባዮቲክ ከመሳቢያ አውጥታችሁ ግን አትዋጡ። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ናቸው፤ አንቲባዮቲክ አይነካቸውም።

ከጉዳያችን ትንሽ ወጣ ይላል፣ ሳልነግራችሁ ግን አላልፍም። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ለክትባት ሂዱ፣ ጭረቱ ትንሽ ቢመስልም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

8. ዕቃዎቹን ዛሬ አንድ ቦታ አኑሩ

አንድ ካርቶን ወይም ባልዲ ይበቃል። ጓንት፣ ማስክ፣ ፌስታል፣ አሮጌ ጨርቆች፣ ሳሙና፣ የትኩሳት መለኪያ፣ ኦአርኤስ፣ የሊትር መለኪያ፣ የሻይ ማንኪያ። የበረኪናውን አቀጣጠን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ክዳኑ ላይ ለጥፉ፤ በዚያ ሰዓት ማንም አያስታውሰውም። በረኪናው ራሱ ልጆች የማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ በለስላሳ ጠርሙስ አትገልብጡት። ቤት ውስጥ ያለ አዋቂ ሁሉ ካርቶኑ የት እንዳለ ይወቅ። ቤት ያለው ኦአርኤስ ጊዜው አልፎበት እንደሆነም እግረ መንገዳችሁን እዩ።