የ1813 የስዊድን እግረኛ ሻለቃን በ28 ሚሊሜትር ሞዴል እንዴት መቀባት ይቻላል

በናፖሊዮን ዘመን የጠረጴዛ ጦርነት (በትንንሽ የወታደር ሞዴሎች የሚጫወቱት ጨዋታ) የስዊድን ጦር ሲያዩት ቀላል ይመስላል፦ ሰማያዊ ኮት፣ ጥቂት ቢጫ፣ ነጭ ቀበቶ። አስቸጋሪው ግን ይኸው ነው። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ከአንድ ክንድ ርቀት ሲያዩት ጥቁር ይሆናል፤ ቢጫና ነጭ ደግሞ ከሥራቸው ያለውን አይሸፍኑም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከእጅ ጥበብ ይበልጣል።

መጀመሪያ ዓመቱን ይወስኑ። እ.ኤ.አ. በ1808 እና 1809 በፊንላንድ ከሩሲያ ጋር የተዋጋው ሠራዊት ብዙው ግራጫ ኮት ለብሷል፤ በ1813 በስዊድን አልጋ ወራሽ በልዑል ካርል ዮሃን ሥር ለጦርነት ጀርመን ውስጥ ላይፕዚግ የደረሰው ሰማያዊ ነው። ሁለቱን አንድ ሻለቃ ውስጥ አይቀላቅሉ። የኮሌታው መለያ ቀለም በሬጅመንት (በክፍለ ጦር) ስለሚለያይ ብሩሽ ከማንሳትዎ በፊት የመረጡትን ሬጅመንት ያረጋግጡ።

24 ወታደሮች ያዘጋጁ። ሞዴሉ ሲቀረጽ የሻጋታው መጋጠሚያ የተወውን መስመር በስለትና በቀጭን ሞረድ ያንሱ፤ ከቀረ ቀለሙ ያጎላዋል። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ሳሙና አጥበው አንድ ሌሊት ያድርቁ፣ ከዚያ በጠርሙስ ክዳን ላይ ይለጥፉ። ግራጫ ፕራይመር (ቀለም እንዲይዝ በፊት የሚረጭ መነሻ ቀለም) ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርቀት በአጭር በአጭሩ ይርጩ። ከርቀት ወይም በሙቀት ሲረጩ ቀለሙ ሳይደርስ አየር ላይ ስለሚደርቅ ገጹ አሸዋማ ይሆናል።

ስድስት ስድስቱን እየያዙ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሂዱ፦ ፊትና እጅ፣ ኮትና ሱሪ፣ ኮሌታ፣ በመጨረሻ ቀበቶና ጠመንጃ። ቀለሙን በውሃ እንደ ወተት ያቅጥኑትና ሁለት ጊዜ ይቀቡ።

ለኮቱ ሦስት ጠብታ ጥቁር ሰማያዊ ከአንድ ጠብታ መካከለኛ ሰማያዊ ጋር ይቀላቅሉ። ሲደርቅ በእጥፋቶቹ ውስጥ ብቻ ቀጭን ጥቁር ሰማያዊ ጥላ ያስገቡ፣ ክንድና ትከሻ ላይ መካከለኛውን ሰማያዊ በመጨመር ያብሩት። ለማብራት ነጭ ከጨመሩ ግን ኮቱ ጠመኔ የነካው ይመስላል።

ቢጫ ኮሌታ ያለው ሬጅመንት ከሆነ ቢጫውን በቀጥታ ሰማያዊ ላይ አይቀቡ፤ አራት ጊዜ ቢደግሙትም አረንጓዴ መልክ ይይዛል። በፊት ቡናማ ቢጫ ይቀቡ፣ ከዚያ ሁለት ቀጭን ቢጫ። ጥላው በቡናማ ይሁን፤ ቢጫ ከጥቁር ጋር ሲገናኝ ወይራ ይሆናል። ለቀበቶው መካከለኛ ግራጫ ይቀቡና ዳር ዳሩን ትተው መሃሉን በነጣ ያለ ክሬም ይሙሉ። ንጹህ ነጭ ትከሻ ላይ ብቻ ይበቃል። የሚተርፈውን ግራጫ ዳር ልብ ብሎ የሚያይ የለም፣ ግን ቀበቶውን ከኮቱ የሚለየው እሱ ነው።

የክብ ባርኔጣው ጠጉራም ጉትዬ ጥቁር ነው፤ በጥቁር ግራጫ ደረቅ ብሩሽ (ቀለሙ አብዛኛው በተጠረገ ብሩሽ) ብቻ ነካ ያድርጉት። መኮንኖቹን ግን የግራ ክንዳቸው ላይ ባለ ነጭ ጥቅል ጨርቅ ይለዩአቸው። ምልክቱ የመጣው በ1772 ንጉሥ ጉስታቭ 3ኛ ሥልጣን ሲጠቀልል ደጋፊዎቹ ካሰሩት ነው፤ ቀርቶ ሲያዩት ጉድለቱ ወዲያው ይታወቃል።

ሰንደቅ ዓላማውን ከወረቀት ያትሙ። የስዊድኑ የሶደርማንላንድ ክፍለ ሀገር አርማ፣ ለምሳሌ፣ ቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ግሪፈን (ግማሽ ንስር ግማሽ አንበሳ የሆነ የተረት አውሬ) ነው። በቀጠነ ነጭ ሙጫ ቀብተው ዘንጉ ላይ ያጥፉት፣ ሳይደርቅ በጣት ያዙሩት፤ የወረቀቱን ነጭ ጠርዝ በመደቡ ቀለም ይሸፍኑ።

መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ፦ አንድ አንጸባራቂ፣ ከደረቀ በኋላ አንድ ደብዛዛ። ቆርቆሮውን ሁለት ደቂቃ ያንቀጥቅጡ፣ ዝናብ በያዘ አየር አይርጩ፤ እርጥበት ነጭ ጉም ይተዋል። ጉም ከያዘ ደጋግሞ አንጸባራቂ መርጨት ብዙ ጊዜ ያነሳዋል። ወታደሮቹን አራት አራቱን በ40 በ40 ሚሊሜትር መቆሚያ ላይ ይለጥፉ፣ አሸዋ ይበትኑ። ላይፕዚግ የተዋጉት በጥቅምት ስለሆነ መሬቱን ቡናማ፣ ሣሩን የደረቀና የገረጣ ያድርጉት።