ሞዱ ያምራል፣ እጅ ላይ ግን ከበደ? እንዲህ ለኩት

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ሞድ በጣም ያምራል። ግን ማሪዮ እሺ አይለኝም» አለኝ። ሞድ ማለት አድናቂዎች አንድን ጌም ቀይረው የሚሠሩት ነው። እሱ የጫነው ሱፐር ማሪዮ 64 የሚባለውን ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ የሚያሳይ ነው። ምስሉ ምንም አይቆራረጥም። ልጁ ግን ጠርዝ ላይ ደርሶ ሲዘል፣ ዝላዩ ሳይነሳ ገደል ይገባል። መጀመሪያ አላመንኩትም። ቁጭ ብለን ስንለካው ግን ልክ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው አሮጌ ጌም ሞድ አድርጎ «ፈጠነ» ወይም «ከበደ» ሲለኝ እንለካው እላለሁ። ዓይን የሚያየው የምስሉን ልስላሴ ነው። አውራ ጣት የሚጠብቀው ሌላ ነው፦ ቁልፉ ከተጫነ ስንት ፍሬም ቆይቶ ሰውዬው ይነቃነቃል? በሰከንድ 60 ፍሬም በሚሄድ ጌም አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሁለትና ሦስቱ ሲደማመር ጣት ያውቀዋል።

መጀመሪያ ንጹሕ ቅጂ ያዙ። ከራሳችሁ ካሴት የተቀዳውን ሮም፣ ማለትም የጌሙን ፋይል፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። አንዱን አትንኩት፣ ሌላው ላይ ፓቹን፣ ማለትም የሞዱን ለውጦች የያዘውን ፋይል፣ ጫኑ። ፓቹ ቢፒኤስ (BPS) የሚባለው የፋይል ዓይነት ከሆነ፣ የተሳሳተ ሮም ስትሰጡት ያስጠነቅቃችኋል። አይፒኤስ (IPS) የሚባለው ግን ዝም ብሎ ይጭናል። ሱፐር ኒንቴንዶ የሚባለው የድሮ ጌም መሣሪያ አንዳንድ ሮሞች መጀመሪያቸው ላይ 512 ባይት ትርፍ ነገር አለባቸው። ፓቹ ያንን ሳይጠብቅ ከተጫነ ሁሉንም ነገር ቦታውን አዛንፎ ይጽፈዋል። ጌሙ አልከፍት ካለ ወይም መሃል ላይ ካበደ፣ ሞድ ሠሪውን ከመውቀሳችሁ በፊት ይሄን እዩ።

የሮሙንም አገር እዩ። እኛ አገር የቴሌቪዥኑ ሥርዓት ፓል ነው። የአውሮፓ ፓል ጌሞች በሰከንድ 50 ፍሬም ይሄዳሉ፤ የጃፓንና የአሜሪካዎቹ 60። እኔ ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ጌም ቤት የለመድኩት 50ውን ነው። የመጀመሪያ ቀን በ60 ስጫወት ሁሉ ነገር የሚያሳድደኝ መስሎኝ ነበር። አብዛኛው ሞድ ለአሜሪካው ወይም ለጃፓኑ ቅጂ ነው የሚሠራው። የአውሮፓውን ከእሱ ጋር ካወዳደራችሁ የለካችሁት ሞዱን አይደለም።

አሁን ወደ ቆጠራው። ሬትሮአርክን ክፈቱ፤ የድሮ ጌሞችን ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውት ፕሮግራም (ኢሙሌተር) ነው። «ረን አሄድ» የሚለው ማስተካከያ በርቶ ከሆነ አጥፉት፤ ለመጨረሻ እንመለስበታለን። ሰውዬው ባዶ ሜዳ ላይ ይቁም። በኪቦርዱ የፒ (P) ቁልፍን ተጭናችሁ ጌሙን አቁሙት። የዝላዩን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ፣ አትልቀቁ። አሁን የኬ (K) ቁልፍን አንድ ጊዜ ንኩ፤ ጌሙ አንድ ፍሬም ብቻ ይራመዳል። ዓይናችሁን ከእግሩ ላይ አትንቀሉ። እንደገና ኬ። ጉልበቱ ሲታጠፍ ወይም እግሩ መሬት ሲለቅ ስንተኛው ላይ እንደሆነ ጻፉ። ሦስተኛው ላይ ከነቃ፣ ጌሙ ሁለት ፍሬም በልቷል፣ ያን ያህል ዘግይቷል ማለት ነው። ይህንን በኦሪጅናሉ አሥር ጊዜ፣ በሞዱ አሥር ጊዜ አድርጉ። አንዳንድ ጌም አንዴ ሁለት፣ አንዴ ሦስት ይሰጣል፤ ስለዚህ አንድ ሙከራ አይበቃም።

ባዶ ሜዳ ላይ እኩል ከመጡ አልጨረሳችሁም። ክብደቱ የሚመጣው ስክሪኑ ሲጨናነቅ ነው። የድሮ መሣሪያዎች አንጎላቸው ትንሽ ነው። የሱፐር ኒንቴንዶው ቢፈጥን 3.58 ሜጋኸርዝ ነው። ጠላትና ጥይት ሲበዛ የአንዱን ፍሬም ሥራ በጊዜው አይጨርስም፣ ወደሚቀጥለው ያሻግረዋል። ያኔ ጌሙ ጆይስቲኩን የሚያየው በሁለት ፍሬም አንዴ ይሆናል። ጠላት ወይም የምስል ማድመቂያ የሚጨምር ሞድ ይሄን ያባብሰዋል፤ የተጻፈበትን ኮድ ያቀለለ ሞድ ደግሞ ያድናል። ሜሴን የተባለው ኢሙሌተር ያመለጡትን ፍሬሞች የሚቆጥር ማሳያ አለው። እሱን አብሩና ያንኑ የተጨናነቀ ቦታ በሁለቱም ቅጂ ተጫወቱ። ቁጥሩ የቱ ላይ ቶሎ ቶሎ እንደሚያድግ ታያላችሁ።

እዚህ ላይ ግራዲየስ 3 የሚባለውን የጠፈር መርከብ ተኩስ ጌም ሳላነሳ አላልፍም። የሱፐር ኒንቴንዶው ቅጂ ጥይት ሲበዛ እንደ ሞላሰስ ይጎተታል። ቪቶር ቪሌላ የሚባል ብራዚላዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2019 ጌሙን ኤስኤ-1 ለሚባለው ተጨማሪ ቺፕ አዛወረው። ቺፑ 10.74 ሜጋኸርዝ ነው። መጎተቱ ጠፋ። መርከቧ ጣት ሲነካት ወዲያው ትታጠፋለች። ግን ብዙ ሰው የድሮውን ቀስታ ተጠቅሞ ነበር በጥይቱ መሃል የሚሾልከው። አሁን ጥይቱም በሙሉ ፍጥነቱ ይመጣል። ጌሙ ለጣት ታዘዘ፣ ለማሸነፍ ግን አስቸጋሪ ሆነ። እኔ ይሄንን ሥራ በጣም እወደዋለሁ፤ የድሮዎቹ ሠሪዎች ያሰቡትን ጌም ያየሁ ይመስለኛል። እውነተኛ መሣሪያ ላይ ልትጫወቱት ከፈለጋችሁ ግን ኤስኤ-1ን የሚደግፍ ፍላሽ ካሴት፣ ማለትም ሮም የሚጫንበት ካሴት፣ ያስፈልጋችኋል።

ፍሬም ቢቆጠር የማይታይ ለውጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውን ካስልቬንያ የሚባል ጌም ውሰዱ። የጌሙ ጀግና ሳይመን አንዴ ከዘለለ መሃል አየር ላይ መመለስ አይችልም። አድናቂዎች አየር ላይ አቅጣጫ የሚያስቀይር ፓች ሠርተውለታል። የዘገየው ነገር የለም፣ የፈጠነም የለም። የተቀየረው ሕጉ ነው፣ ጣት ግን «ቀለለ» ይላል። ይሄን ለመለየት ወደ ፊት ዝለሉና አየር ላይ እያላችሁ ወደ ኋላ ግፉ። ቢመለስ ሞዱ የነካው እንቅስቃሴውን ነው። እየተወዛወዙ የሚበሩት የሜዱሳ ጭንቅላቶች የተቀመጡት መመለስ የማይችል ሰው ታስቦ ስለሆነ፣ ያ ቦታ በፓቹ ቀላል ይሆናል። ለጀማሪ ጥሩ ነው። እኔ ግን ካስልቬንያን ሳልነካው ነው የምጫወተው፤ ከመዝለል በፊት ማሰቡ ነው የጌሙ ጣዕም።

እስካሁን የለካነው የጌሙን ውስጥ ነው። ቴሌቪዥኑና ጆይስቲኩም የራሳቸውን ይጨምራሉ። ይሄን በስልክ መያዝ ይቻላል። የስልኩን ካሜራ በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀዳው ዝግታ (ስሎው ሞሽን) ላይ አድርጉት። እኔ ስልኬን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ፣ አውራ ጣቴና ስክሪኑ አብረው እንዲገቡ አደርጋለሁ። ቁልፉን ስጫን ጥፍሬ ሥር ያለው ደም ሸሽቶ ነጭ ይሆናል። ከዚያች ፍሬም ጀምሬ ሰውዬው እስኪነቃ እቆጥራለሁ። አንዱ የቪዲዮ ፍሬም 4.2 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። እኔ ቤት ቴሌቪዥኑ ተራ አቀማመጡ ላይ ሆኖ 31 ፍሬም ቆጠርኩ። ቴሌቪዥኑን «ጌም ሞድ» (Game Mode) የሚባለው የራሱ አቀማመጥ ላይ ሳደርገው 17 ሆነ። ምንም ፓች ሳልነካ ወደ 60 ሚሊ ሰከንድ ቀነሰልኝ። ስለዚህ ሁለቱን ቅጂ ስታወዳድሩ ቴሌቪዥኑንም ጆይስቲኩንም አትቀይሩ፤ ከተቻለ ጆይስቲኩ በገመድ ይሁን።

ወደ ልጁ ማሪዮ ልመለስ። ሱፐር ማሪዮ 64 እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ነው፤ ጌሙ የሚያስበው በሰከንድ 30 ጊዜ ነው። የጫነው ሞድ ይሄን አልነካውም። በሁለት ምስሎች መካከል ሦስተኛ ሥሎ ይጨምራል እንጂ። መካከለኛውን ለመሣል ደግሞ ቀጣዩን ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ አዲሱን ምስል ትንሽ ያቆየዋል። ልጁን ገደል የከተተው ይሄ ነው። ስለ ሞድ ስታነቡ «60 ፍሬም» ሲሉ ጌሙ ራሱ በ60 ያስባል ወይስ ምስሉ ብቻ ነው የተሞላው ብላችሁ ጠይቁ።

ረን አሄድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ኢሙሌተሩ የጌሙን ቀጣይ ፍሬሞች አስቀድሞ ያሰላና የሚበላውን ጊዜ ይደብቃል። ኬን እየነካችሁ ከቆጠራችሁት በላይ አታስገቡ። ሁለት ፍሬም ከበላ በአንድ ጀምሩ፣ ከዚያ ሁለት ሞክሩ። ሰውዬው ሲዘል ከመሬት ሳይነሳ ድንገት አየር ላይ ከተገኘ አብዝታችኋል፤ አንድ ቀንሱ። ሞዱ ቆጠራውን ሊቀይረው ስለሚችል ለኦሪጅናሉና ለሞዱ ለየብቻ አስቀምጡት። የእህቴ ልጅ ይሄ አላስፈለገውም። ከማስተካከያው ውስጥ 60ውን አጠፋና እዚያው ጠርዝ ላይ ሄዶ ሦስት ጊዜ ዘለለ። ሦስቱንም ተሻገረ።