ቫን ለፒስታና ለጭቃ ጉዞ ስትቀይሩ ከሁሉም በፊት ሚዛን ላይ አውጡት

ሰው የሚጭን ቫን ገዝቶ ከአስፋልት የሚወጣና ማደሪያ ያለው መኪና ላርገው የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ትልቅ ጎማ ነው፣ ቀጥሎ መኪናውን ከፍ ማድረግ፣ ከዛ ፖርቶመጋላ ከነመብራቱ። ይገባኛል፣ እኔም የጀመርኩት እንደዛ ነው። አሁን ግን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፣ አንድ ቡሎን ሳትፈቱ በፊት መኪናው ስንት ኪሎ እንደሆነና ስንት ኪሎ መሸከም እንደሚችል እወቁ። አልጋውም ባትሪውም ሞላውም የሚወሰነው በዛ ቁጥር ነው።

የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ወይም ሌላ ቦታ የተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ አለች። መኪናው ከነጭነቱ ቢበዛ ስንት ኪሎ መሆን እንደሚችል፣ የፊትና የኋላ አክስል (የጎማዎቹ ዘንግ) ደሞ ለየብቻ ስንት እንደሚችሉ ይጻፍባታል። የኋላ ወንበሮቹን አውጡ፣ ነዳጅ ሙሉ፣ ከዛ የጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ሂዱና መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ ሙሉ መኪናውን አስመዝኑ። እንበል ሰሌዳው 3000 ይላል፣ ባዶው 2150 መጣ፣ ስለዚ ያላችሁ 850 ኪሎ ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን ሁለት ሰው ከነሻንጣው 200 ይወስዳል፣ 60 ሊትር ውሃ ማለት 60 ኪሎ ነው፣ ፍሪጅ ከነምግቡ 40፣ ባትሪና ሶላር ከነገመዱ 50፣ ክሪክና አካፋና መፍቻ 50፣ ይሄ ብቻ 400 ሆነ፣ ገና አልጋ የለም፣ ቁም ሳጥን የለም፣ ከስር የሚገባው መከላከያ ብረትም የለም። እኔ ደሞ ሁሌ ከሰሌዳው ቁጥር ላይ 15 ፐርሰንት ያህል ሳልነካ ነው የምተወው፣ ምክንያቱም ድንጋይና ጉድጓድ ላይ ያው ጭነት ሞላውንና ቤሪንጉን በጣም በበለጠ ኃይል ነው የሚመታው።

የመጀመሪያዋን ስሰራ ሁሉንም በ18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ሰራሁት፣ ውሃውን ከኋላ በር ጋ አስቀመጥኩት፣ ትርፍ ጎማና ሁለት ጀሪካን ነዳጅ ጣሪያ ላይ ጫንኩ። አስፋልት ላይ ምንም አይልም ነበር። ፒስታ ላይ ስንገባ ግን የኋላ ፓራውልቱ እያንዳንዱን ጉብታ ይፍቀዋል፣ ወደ ጎን ያዘነበለ መንገድ ላይ ደሞ መኪናው እንደዛ ሲጋደል ውስጥ ያለነው ሰዎች በሙሉ ዝም አልን። ተመልሼ ሁሉንም አፈረስኩት። ሁለተኛው ላይ የአልጋውን አጥንት በአሉሚኒየም፣ ክዳንና መደርደሪያውን በ9 እና በ12 ሚሊ ሰራሁ፣ ውሃና ባትሪውን ወለሉ ላይ በሁለቱ አክስሎች መሀል አደረኩ፣ ጣሪያ ላይ ከሶላሩና ከቀላል ነገር በስተቀር ምንም የለም። ያው መኪና፣ ያው ሞላ፣ ግን የሚነዳው ሌላ መኪና እስኪመስል ድረስ ተለወጠ።

ወንበሮቹን ስታወጡ ቡሎኖቹን አትጣሉ፣ ቀዳዳዎቹን አትድፈኑ። ፋብሪካው ወንበር ያሰረባቸው ቦታዎች ከወለሉ ሁሉ ጠንካሮቹ ናቸው፣ ስለዚ አልጋውንና ሳጥኑን እዛ ላይ እሰሩ። አዲስ ቀዳዳ ግድ ከሆነ ትራፓኖ ከማንሳታችሁ በፊት ስሩ ግቡና እዩ፣ የነዳጅ ታንክ፣ የፍሬን ቱቦና ሽቦ ወለሉን ተጠግተው ነው የሚያልፉት። የበሳችሁትን ጠርዝ ቀለም ቀቡት፣ አለበለዚያ ዝገት የሚጀምረው ከዛ ነው። መኪናው እየሄደ ሰው የሚቀመጠው ቀበቶ ያለው የፋብሪካ ወንበር ላይ ብቻ ነው፣ አልጋ ላይ ማንም አይቀመጥም፣ በተለይ ልጆች። የወንበር ቁጥር ሲቀንስ የመኪናው ሰነድ ላይ ማስቀየር በብዙ ቦታ ግዴታ ስለሆነ እሱንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ባለአራት እግር (አራቱም ጎማ የሚነዳ) መሆን አለበት ወይ ለሚለው፣ እንደ ሚትሱቢሺ ዴሊካ፣ ቮልስዋገን ሲንክሮ፣ አንዳንድ ቶዮታ ሃያስና መርሴዲስ ስፕሪንተር ከፋብሪካ በፎር ዊል የወጡ ቫኖች አሉ። ያላችሁ ባለሁለት ከሆነና ወደ አራት ልቀይረው ካላችሁ ትራንስፈር ኬዝ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው)፣ የፊት ዲፈረንሻል (ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው)፣ ተጨማሪ ዘንግ፣ ብየዳ፣ ብዙ ስራ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሸጦ ከፋብሪካው አራት የሆነውን መግዛት ይሻላል። ከኋላ የሚገፋ ቫን ግን በጥሩ ጎማ፣ ኋላ ላይ ዲፍ ሎክ (ሁለቱን ጎማ እኩል እንዲዞሩ የሚቆልፍ) ተጨምሮበትና ንፋስ ተቀንሶለት ሰው ከሚገምተው በላይ ይሄዳል። ከፊት የሚጎትተው ነው የሚቸገረው፣ ጭነቱ ኋላ ሆኖ ዳገት ሲወጣ የፊት ጎማው ይቀለዋል፣ ከዛ ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

ጎማ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የኋላ አክስሉ ወጥ (ሁለቱን ጎማ በአንድ ያልተከፈለ ብረት የያዘ) ከሆነ ሞላ ስታስረዝሙ ከፍ የሚለው ቦዲው ነው እንጂ ዲፈረንሻሉ እዛው ነው፣ ድንጋይ የሚመታው ደሞ እሱ ነው። እሱን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው። ለምሳሌ ከ215/70አር16 ወደ 245/75አር16 ብትሄዱ የጎማው ቁመት ከላይ እስከ ታች ከ707 ሚሊ ወደ 774 ሚሊ ይሄዳል፣ ግማሹ ከስር ስለሆነ የምታገኙት 33 ሚሊ ነው። በምላሹ ኪሎሜትር ቆጣሪው 100 ሲል በእውነት የምትሄዱት 109 ነው፣ ማርሹ ይረዝማል፣ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ፍሬኑም ስራ ይበዛበታል። መሪውን ሙሉ ጠምዝዛችሁ የሚነካ ነገር እንዳለ ፈትሹ። የጎማው ጎን ላይ ያለውን የጭነት ቁጥር ደሞ ከኦሪጅናሉ አታሳንሱ፣ 109 ማለት አንዱ ጎማ 1030 ኪሎ ይሸከማል፣ 112 ማለት 1120።

ከስር መጀመሪያ የዘይት መያዣውን፣ ከዛ ካምቢዮውን፣ ከዛ የነዳጅ ታንኩን በመከላከያ ሸፍኑ፣ ዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳ ይኑረው፣ ንፋስም ይለፍበት። ርካሽና ትልቅ ጥቅም ያለው ስራ ደሞ የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ ቱቦ ማስረዘም ነው። ስትነዱ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ድንገት ይኮማተርና በመተንፈሻው ወይም በዘይት መከላከያው ጎማ (ሲል) ውሃ ይስባል፣ ዘይቱ ወተት ይመስላል፣ ከዛ ጥርሱ ያልቃል። አንድ ሜትር ቱቦና ሁለት ማሰሪያ ይበቃዋል፣ ከፍ አድርጋችሁ ቦዲው ላይ እሰሩት።

መጎተቻ ቦታ ላይ እባካችሁ አትቀልዱ። ተጎታች የሚታሰርበት ኳስ ላይ ገመድ አስራችሁ በጭራሽ አታስጎትቱ፣ ተሰብሮ እንደ ጥይት ስለሚወረወር ሰው ሞቶበታል። ሻንሲው ላይ በወፍራም ቡሎን የታሰረ፣ ለመጎተቻ የተሰራ ቀለበት ከፊትም ከኋላም ይኑራችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያወጣችሁ አካፋና ንፋስ መቀነስ ነው፣ አስፋልት ላይ 45 ወይ 50 ፒኤስአይ የነበረውን ኮረኮንች ላይ ወደ 30፣ ለስላሳ አሸዋ ላይ ወደ 20 አካባቢ አውርዱ፣ ፍጥነትም ቀንሱ፣ አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉ። ስለዚ የራሳችሁ ኮምፕሬሰር ከሌለ ይሄ ሁሉ አይሰራም።

መብራት ላይ የማደሪያው ባትሪ ከሞተሩ ባትሪ ይለይ። ባለ12 ቮልት የሊቲየም አይረን ፎስፌት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ወደ 1280 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ክብደቱ 12 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ያው 100 አምፒር ሰዓት በድሮው የአሲድ ባትሪ 30 ኪሎ ይጠጋል፣ ከሱም እንዳይጎዳ ከግማሹ በላይ አትጠቀሙም። ከዲናሞው ቀጥታ አታገናኙት፣ ሊቲየም ብዙ አምፒር ስለሚስብ ዲናሞውን ያግለዋል፣ መሀል ላይ የሚሳበውን አምፒር የሚገድብ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር አስገቡ። ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግም። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፣ ጫፍ ላይ ያለ ፊውዝ መሀል ላይ የተላጠውን ገመድ ከእሳት አያድነውም። ውስጥ የምታበስሉ ወይ የምታሞቁ ከሆነ ጣሪያ ላይ አየር ማስገቢያና የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ሳይኖር አትተኙ።

ሞላና አሞርዛተር የመጨረሻ ናቸው፣ ሌላው ሁሉ ከገባ በኋላ። ውሃ ሙሉ፣ ነዳጅ ሙሉ፣ ሰዎቹ ተቀምጠው እንደገና ሚዛን ላይ ውጡ፣ ሞላ የምታዙት በዛ አክስል ኪሎ ነው። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ይበቃል፣ ከዛ ካለፈ የፊት ቦል ጆይንቱና አክስሉ ከአቅማቸው በላይ ይዘማሉ። ከፍ ካደረጋችሁ በኋላ የፍሬን ቱቦው እንዳልተወጠረ እዩ። ብዙ ቫን ላይ ደሞ ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ፣ ኋላው ከፍ ሲል መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል፣ ስለዚ ዘንጉን እንዲያስተካክልላችሁ ለሜካኒኩ በአፋችሁ ንገሩት። አላይመንት አሰሩ፣ የፊት መብራቱን ዝቅ አርጉ፣ 200 ኪሎሜትር ፒስታ ነድታችሁ የነካችሁትን ቡሎን በሙሉ እንደገና አጥብቁ።